የአባባ አልጋ አነጣጠፍ

ልጄ አልጋውን አያነጥፍም። ስናገረው «ማታ ተመልሼ ልተኛበት አይደል እንዴ?» ይለኛል። እናንተ መልስ ካላችሁ ንገሩኝ። ተነጠፈ አልተነጠፈ ማን ያየዋል? ጎሮ ድረስ መጥቶ የልጄን መኝታ ቤት የሚጎበኝ ሰው የለም።

እኔ ግን ሳላነጥፍ ከወጣሁ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል። መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ «በሽታ ነው» ትላለች። በሽታ ከሆነ ከአባባ የወረስኩት ነው። ሌላ የወረስኩት ንብረት ስለሌለ እሱን አልተውም።

አባባ ደብረ ዘይት፣ ሐይቁ ዳር መዝናኛ ነበራቸው። ከባዶ ተነስተው ያቆሙት ነው። መጀመሪያ የቆርቆሮ ዳስ፣ ቀጥሎ ሻይ ቤት፣ ከዚያ ክፍሎች፣ ከዚያ ጀልባ። ገና ሳይነጋ ተነስተው ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ይጠርጋሉ። ሠራተኛ የለም እንዴ? አለ። ግን ሠራተኞቹ ሲደርሱ ግማሹ ሥራ አልቆ ያገኙትና ያፍራሉ። አፍረው ይሠራሉ። ዘዴያቸው ይህ ነበር።

አባባ ቁጭ ብለው ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ሐይቁ ውስጥ ገብተው ሲዋኙም እንዲሁ። ለምን እንደማይገቡ ብንጠይቃቸው «ሐይቁ የእንግዳ ነው» አሉን። በቃ።

ማታ እንግዳው ጫማውን በር ላይ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ተወልውሎ ይጠብቀዋል። የሚወለውሉት አባባ ራሳቸው ናቸው። እማማ «ምነው ለሠራተኛ ብትሰጠው?» ስትላቸው ሳቅ ይሉና «ጫማው እኔ ጋ ያለ እንግዳ ቁርሱን ሳይበላ ወዴት ይሄዳል?» ይሏታል። እንግዳ ደግሞ እንዲቀሰቅሱት ካልጠየቀ አይቀሰቀስም። በመጀመሪያው አውቶቡስ የሚሄድ ካለ፣ በሩን ሦስት ጊዜ በዝግታ ያንኳኳሉ። ቃል አይናገሩም።

አልጋውማ የተለየ ነው። አንሶላው እንደ ከበሮ ይወጠራል። በእግርጌ በኩል ማዕዘኑ ተጠቅልሎ፣ ተጣጥፎ፣ ከፍራሹ ሥር ይገባል። እኛ ልጆቹ ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ይህን ተምረናል።

ከዚያ አዋጁ መጣ። መዝናኛው የሕዝብ ሆነ። ሊረከቡ ለመጡት ሰዎች አባባ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሰጧቸው። የእያንዳንዱን በር ጠባይም ነገሯቸው፤ ይቺ ብድግ ተደርጋ ነው የምትከፈተው፣ ያቺን በትከሻ ገፋ ማድረግ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ ሲመጡ አባባ መንገዱን እየጠረጉ ነው።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ከእንግዲህ እኮ ባለቤት አይደሉም» አሏቸው።

«ሰምቻለሁ። እንግዶቹ ግን ቁርስ ይፈልጋሉ።»

ጥቂት ወራት በደመወዝ አሠሯቸውና አሰናበቷቸው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ሲናገሩ አልሰማሁም። እኔም አልጨምርም።

ቦሌ የነበረው ቤታችን ገቡ። ምን ያድርጉ? ቤታችንን መዝናኛ አደረጉት። ለምሳ ደወል ይደወላል። የቀበሌ ዳቦ በቅርጫት፣ ናፕኪን ለብሶ ይቀርባል። ሳሙና በጠፋበት ጊዜ ፎጣችን ተጣጥፎ አልጋችን ላይ ይቀመጣል። የራሳቸውን መኝታ ቤት አንኳኩተው ነው የሚገቡት። እማማ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ሆቴል?» ትላለች። የሁላችን ጫማም በረንዳ ላይ ተደርድሮ ያድራል። የዚያን ጊዜውን የቦሌ ጥቁር ጭቃ የምታውቁ፣ አባባ ሥራ እንዳልፈቱ ይገባችኋል።

ማትሪክ ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ። የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ መገናኛ ላይ ታፈሰ። እናቱ ዳቦውን ስትጠብቅ ዋለች። ይህንንም ልለፈው።

አንድ የክረምት ጠዋት የእኛ በር ተንኳኳ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው ቆመዋል። እኔ ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ተኝቻለሁ። እማማ ቀድማ ወጣችና «ልጁ የለም፣ ናዝሬት አጎቱ ጋ ከሄደ ሰነበተ» አለች። ሊቀመንበሩ የተደረደረውን ጫማ ተመለከቱ።

«ታዲያ ይሄ የጎረምሳ ጫማ የማነው?»

አባባ ብሩሽ ይዘው ብቅ አሉ።

«የልጄ ነው። ቤት ነው ያለው። ተኝቷል።»

ነቅቼ ከክፍሌ በር ጀርባ፣ በስንጥቁ እያየሁ ሰማሁ። የገዛ አባቴ! እማማ ግድግዳውን ተደገፈች። አባባ እኮ በእንግዳ ጉዳይ ዋሽተው አያውቁም፤ ክፍል አለ ካሉ አለ፣ ሞልቷል ካሉ ሞልቷል።

«እንግዲያው ይቀስቅሱልን።»

«የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ግቡና ሻይ ጠጡ። ጫማችሁን ግን እዚሁ፤ ወለሉ ሰም ተቀብቷል።»

ሊቀመንበሩ ሳቁ። «ጋሽ ተካልኝ፣ እኛ እኮ ሥራ ላይ ነን።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ» አሉ አባባ። ተንበርክከው የሊቀመንበሩን ከስክስ ጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ ጋሼ! ኧረ በእግዚአብሔር ይነሱ!»

ሊቀመንበሩ የፈጣሪን ስም ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌ እግራችሁ ሥር ቢንበረከክ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? አወለቁ። አንደኛው ጥበቃ «የኔን እንኳ ይተዉት አባባ፣ ካልሲ የለኝም» ብሎ ለመነ። አልተውትም። ገብተው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ከካልሲያቸው የወጣውን አውራ ጣት በሌላው እግራቸው ሸፈኑ። የወሩ ስኳራችን ሻያቸው ውስጥ ገባ።

አባባ ከስክሶቹን ታቅፈው ወደ ጓሮ ሲያልፉ የክፍሌ በር ሦስት ጊዜ በዝግታ ተንኳኳ። ቃል የለም። የመጀመሪያው አውቶቡስ!

ዘልዬ ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩ፣ አንድ እግሬን አሻገርኩ። ከዚያ ተመለስኩ። እዚህ ላይ እንዳትስቁ። አልጋውን አነጠፍኩ። ሦስት ሰዎች ሊወስዱኝ ሳሎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ እኔ አንሶላ እወጥራለሁ። እጄ ነው የሠራው፤ እኔ የለሁበትም። ማዕዘኑን ከትቼ፣ ትራሱን መትቼ፣ በባዶ እግሬ በመስኮት ወጣሁ።

የቀረውን የነገረችኝ እማማ ናት። ከስክሶቹ ከብዙ ቆይታ በኋላ ፊት የሚያሳዩ ሆነው መጡ። ሊቀመንበሩ የመጡበትን ጉዳይ አስታወሱና «በሉ አሁን ይነሳ» አሉ። አባባ በሩን ራሳቸው ከፈቱላቸው። አልጋው ልብስ እንደተተኮሰበት ጠረጴዛ ልሙጥ ብሎ ተነጥፏል።

«እዚህ ላይ ሰው ተኝቶ ያውቃል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አሁን እዚህ ነበር» አሉ አባባ። አሁንም እውነቱን። ሄደው በአልጋው እግርጌና በመስኮቱ መሃል ቆሙ። ሊቀመንበሩ «እስቲ ዞር ይበሉ» ቢሏቸው ንቅንቅ አላሉም።

ሊቀመንበሩ አልጋውን አዩ፣ አባባን አዩ፣ ከዚያ እማማን ወደ ጥግ ወሰዷት። «እትዬ፣ ጋሼን ሐኪም አሳይተዋቸዋል? ሆቴላቸው ከተወሰደ ወዲህ እኮ...» እማማ አለቀሰች። የፍርሃት ልቅሶ ነበር፤ እሳቸው ግን የሐዘን መሰላቸው። ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጭቃውን እየመረጡ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ትንሽ ነክቷቸዋል ብሎ ደመደመ። አላስተባበሉም። ለስብሰባ ቅስቀሳ የሚመጡት እንኳ «ጋሼን ተዋቸው» እየተባባሉ ያልፋሉ።

እኔ ሐይቁ ዳር አንሶላ ታጥብ የነበረችው እትዬ አስካለ ጋ፣ ጎሮ ተደበቅሁ። ያን ጊዜ ጎሮ እርሻ ነው። ከቀናት በኋላ አባባ በጭቃው በእግራቸው መጡ። ጫማዬን ወልውለው በጋዜጣ ጠቅልለውታል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ለምስጋና ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። በተለይ የተከፈተውን መስኮት በቁመታቸው ስለ መከለላቸው።

«አባባ፣ እዚያ ጋ ባይቆሙ ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አልጋውን አይቼዋለሁ» ብለው አቋረጡኝ። ምርቃት ጠበቅሁ። «በእግርጌ በኩል፣ የግራው ማዕዘን ልል ነበር። ሰዎቹ እንዳያዩት ብዬ ፊቱ ቆምኩ።»

ስለዚህ ልጄን አልቆጣውም። ሲወጣ ጠብቄ እገባና አነጥፍለታለሁ። የግራውን ማዕዘን ሁለት ጊዜ።