አብዝቶ የመጣል ክብር

ይህን ታሪክ በማውራቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታዬም የአፍ ብቻ አይደለም፤ ቆሜ፣ ኮፍያዬን አውልቄ ነው። ጉዳዩ የሳይንስ ጉዳይ ነው፤ እኔ ደግሞ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የማስለቅቅ ሰው ነኝ። ከካርቶንና ከጣውላ ጋር ሲታገል የዋለ ሰው ስለ ሊቃውንት አፉን ሲከፍት እንዴት እንደሚያስጠላ አላጣሁትም። ነገር ግን ሳላስበው እኔም ጥናታዊ ጽሑፍ አቅራቢ ሆኜ ገብቼበታለሁና፣ ካላወራሁት ያንቀኛል። ታገሱኝ።

መቼም ሳትታዘቡት አትቀሩም፤ በዚህ ዘመን የሚከበረው የሚቀበል ሳይሆን የሚመልስ ነው። ማታቱ፣ የናይሮቢው ሚኒባስ፣ ማንንም አይመልስም። ሞልቶ፣ ሰው በመስኮት ሊፈስ ሲል እንኳ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ግቡ፣ ቦታ አለ!» ይላል። ታዲያ ማታቱን የሚያከብር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኤምባሲው ግን ከነዶሴያችሁ መልሶ ሲያባርራችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ክራባት አስራችሁ፣ ጫማ አስጠርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ልጃችሁን ያለ ፈተና የተቀበለውን ትምህርት ቤት «ምን ቢጎድለው ነው?» ብላችሁ ታሙታላችሁ፤ ልጁ አልቅሶ የወጣበትን ደግሞ «እንኳን የእኛን፣ የአምባሳደሩንም ልጅ መልሰዋል» እያላችሁ ለጎረቤት ታወራላችሁ። እኔም ያው ነኝ፤ ራሴን አላወጣም። ሳይንስ ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ይመስለኝ ነበር። እዚያ የሚጣለው የማይረባው፣ የሚያልፈው የሚረባው ይመስለኝ ነበር።

የዋህ ነበርኩ።

ኪሌሌሽዋ የሚኖር ዶክተር ተስፋሁን የሚባል ወዳጅ አለኝ። የኢኮኖሚክስ ሰው ነው፤ በሳምንቱ ቀናት አንድ የእርዳታ ድርጅት ያማክራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛን ምሳ ያበላል። ከዶክተር ዘሪሁን ጋር፣ እሳቸው ሸምገል ያሉ የፊዚክስ ሰው ናቸው፣ አንድ የምርምር መጽሔት አቋቁመዋል። ናይሮቢ ያሉ ሊቃውንቶቻችን ለየዘርፋቸው መጽሔት ለማቋቋም ቁጥራቸው ስለማይበቃ ሁሉንም ሳይንስ ባንድ ቅርጫት ከተቱት፦ ኢኮኖሚውን፣ ሕክምናውን፣ ታሪኩን፣ ፊዚክሱን፣ የአፈሩንና የውሃውን። እስከዚህ ድረስ ደግ ነበር። ሰው የላከላቸውን ያነባሉ፣ ያርማሉ፣ ያወጣሉ። ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ግን ዶክተር ተስፋሁን ስብሰባ ሄዶ፣ በሻይ ሰዓት አንድ የተከበረ ሰው ስለ መጽሔቱ ጠየቀው። «ከሚመጣላችሁ ምን ያህሉን ትጥላላችሁ?» አለው። ተስፋሁንም በቅንነት «ያው... የሚያስጥል ሲገኝ» ብሎ መለሰ። ሰውዬው ብስኩቱን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ዶክተር ተስፋሁን ወደ ቤቱ የተመለሰው ታሞ ነው።

በቅዳሜው ምሳው ሳይነሳ ክርክሩ ተነሳ። ተስፋሁን በመጽሔቱ ሽፋን ላይ፣ ከስሙ በታች፣ «ከሚቀርብልን ይህን ያህሉን እንጥላለን» የሚል ቁጥር በጉልህ እንዲታተም ፈለገ። ችግሩ ቁጥሩ በምን ይለካ የሚለው ነው። ለካ ሳይንስ በየዘርፉ የሚጥልበት ልክ ለየቅል ኖሯል! ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ታሪክ የሚጽፉቱ፣ ትልልቆቹ መጽሔቶቻቸው ከሚቀርብላቸው አብዛኛውን ይጥላሉ፤ የፊዚክሶቹ ግን አብዛኛውን ይቀበላሉ አሉ።

«በእኛ ዘንድ፣» አሉ ዶክተር ዘሪሁን፣ እንደ መሽኮርመም ብለው፣ «ሰው ከመላኩ በፊት ራሱ ደጋግሞ ይለካዋል። ስህተቱንም ጓደኞቹ ይነግሩታል። እኛ ዘንድ ሲደርስ እንግዲህ... ብዙውን ጊዜ ደህና ነው።»

«ጋሽ ዘሪሁን፣ በሞቴ ይህን ውጭ እንዳይናገሩት!» አለ ተስፋሁን። «ዘበኛ የሌለው ግቢ አስመሰሉን እኮ!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ይታያችሁ፤ ኮከቡ ነገ ማታ የት እንደሚታይ ልቅም አድርገው የሚነግሯችሁ ሰው፣ የሽንኩርት ዋጋ ለምን እንደወጣ እስካሁን ባልተስማሙት ሰዎች ፊት አፈሩ። እኔም የተረዳሁትን በልቤ ያዝኩ፦ እርግጠኝነቱ በቀነሰ ቁጥር መጣሉ ይበዛል፤ መጣሉ በበዛ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል። ታላቅ ትምህርት ነው።

«እሺ፣ ለማስተካከያ የመለስነውስ በምን ይቆጠራል?» ጠየቁ ዶክተር ዘሪሁን።

«በመጣል። ጸሐፊው ተናዶ ይቀራል።»

«አስተካክሎ ከተመለሰስ?»

«ያን ጊዜ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ደግመን ልንጥለው እንችላለን።»

«ፈርቶ ያልላከስ?» አልኩ እኔ፣ ለጨዋታ ያህል።

ተስፋሁን ጉርሻውን አየር ላይ አቆመው። «መኮንን፣ አንተ እኮ ሳታውቀው ሊቅ ነህ! ፈርቶ የቀረ ማለት በሩቁ የጣልነው ማለት ነው!»

ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ወጥ እየጨመረችልን፣ «እኔ አንተን ስቀበል ከማንም ጋር አላወዳደርኩህም፤ ጥፋቴ አሁን ገና ታየኝ» አለች። ከዶክተር ዘሪሁን በቀር የሳቀ የለም።

ሆኖም የፈሩትን መቁጠር አስቸጋሪ ሆነ፤ ፈሪ አድራሻውን አይልክም። ስለዚህ ለመጣል የሚሆን ጽሑፍ ማሰባሰብ ተጀመረ። ለእኔም ጥሪው ደረሰኝ። «ጻፍ» አለኝ ተስፋሁን፣ «የምታውቀውን ሳይሆን የማታውቀውን።» እንዲህ ያለ ሰፊ ሜዳ ተሰጥቶኝ አያውቅም። የጉምሩክ ማህተም እየጠበቅሁ በየዘርፉ እጽፍ ጀመር፤ በየዘርፉም ተጣልኩ። አሁን ስለ አጣጣል ብትጠይቁኝ ከማንም የተሻለ እነግራችኋለሁ። ስለ ኢኮኖሚ የጻፍኩት ዘግይቶ፣ በረዥም ትህትና ነው የተጣለው፤ ምስጋናው ብቻ ገጽ ሞልቷል። የሕክምናው ከደጅ፣ «እንደምን ዋልክ» እንኳ ሳይሉኝ ተመለሰ። የታሪኩ ገምጋሚ ግን ጽሑፌን ትቶ አስተዳደጌን ነበር የገመገመው። እናቴ ባታነበው ይሻላል።

እንግዲህ ሕይወት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ሕይወት ካሳራኒ የምትኖር የውሃ ሳይንስ ሰው ናት፤ ኮሌጅ ውስጥ በኮንትራት ታስተምራለች። የካሳራኒን ኮንዶሚኒየሞች ጣሪያ እየወጣች፣ የውሃ ታንከር ክዳን እየከፈተች፣ የትኛው ውሃ ለምን እንደሚበከል አጥንታለች። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ተርሙ ሳይዘጋ ጽሑፍ ካላሳተመች ኮንትራቷ እንደማይታደስ ነግሯታል። ኮንትራት ከሌለ የሥራ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ናይሮቢ ማንን እንደምትመልስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጽሑፏን ለተስፋሁን መጽሔት ላከች። ዶክተር ዘሪሁን አንብበው ደስ አላቸው። ተስፋሁንም አነበበ፤ እሱንም ደስ አለው። ጣለው።

«ደህና ነው አላልክም እንዴ?» አልኩት።

«በጣም ደህና ነው። መጥፎ ጽሑፍ መጣልማ ማንም ይጥላል፤ ደህናውን ሲጥል ነው መጽሔት የሚባለው።»

«ልጅቷ እኮ ልትባረር ነው።»

«እሱ ሳይንሳዊ መከራከሪያ አይደለም» አለኝ። ትንሽ አሰበና ለሰስ አለ። «እሺ፣ ሌላ ብዙ የምንጥለው ከተገኘ ለአንድ ጽሑፍ ቦታ አይጠፋም።»

በዚህች ቃል ላይ ተመሥርቼ ለሕይወት ሳልነግራት ዘመቻ ጀመርኩ። ቦታ ልከፍትላት! ዝናብ በሣጥን ጸባይ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ጻፍኩ። በጥንት ዘመን ፎርክሊፍት ስላለመኖሩ ጻፍኩ። ከላይ የተደረበ ሣጥን ከታችኛው ለምን እንደሚኮራ የምትተነትን አንዲት አነስተኛ ጽሑፍ ደግሞ በፊዚክስ በኩል ሰደድኩ። ሁሉም እንዳሰብኩት ወደቁ፤ ከአንዷ በቀር። ሣጥኗ አለፈች! ደንግጬ ለዶክተር ዘሪሁን ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ? እንዴት ያሳልፏታል?»

«ስህተት ናት የሚያሰኝ ነገር ፈልጌ አጣሁባት። ደግሞም፣» አሉ ተንፍሰው፣ «ከላክሃቸው ሁሉ አጭሯ እሷ ነበረች።»

አንዷን ቦታ ራሴ ይዤባት ቁጭ! በቅዳሜው ተስፋሁን ቤት ገስግሼ፣ «የእኔን አውጡና የሕይወትን አስገቡ፤ ቁጥራችሁ አይነካም» አልኩ። ተስፋሁን ጣሪያ ጣሪያ እያየ አሰላ። ጸሐፊው ራሱ መልሶ የወሰደው ጽሑፍ በኢኮኖሚክስ በኩል እንደ ተጣለ ሊቆጠር እንደሚችል ሲደርስበት፣ ተነስቶ አቀፈኝ። ሕይወት ለምሳው ስትደርስ እኔ በኩራት አብጬ ጠበቅኋት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ከፍቼልሻለሁ!»

«ምኑን ጋሽ መኮንን?»

ነገርኳት። ከሥር እስከ ላይ፣ ሣጥኗንም ሳላስቀር። ሕይወት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሰማችኝና ወደ ተስፋሁን ዞረች።

«ዶክተር፣ ማስረጃዬ በቂ ነው?»

«በጣም እንጂ።»

«መጀመሪያ የጣሉት ጊዜስ?»

«ያን ጊዜም በቂ ነበር። የተጣለው ለክብር ነው።»

«ለማን ክብር?»

«ለሁላችንም! ላንቺም ጭምር። ይህን ያህል በሚጥል መጽሔት ላይ ስትወጪ እኮ...»

«ወረቀቴን መልሱልኝ።»

«ልጄ፣ ተይ እንጂ» አሉ ዶክተር ዘሪሁን። «ፈቃድሽስ? የሚያስቸኩለው እኮ አንቺን ነው።»

«ፖሌ፣ ይቅርታ ጋሼ። ተማሪዎቼ እንዴት አሳተምሽ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ሣጥን ወጥቶልኝ ገባሁ ልበላቸው?»

ወይዘሮ አስካለ እጇን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች፤ አልሆነም። ምሳ ሳትበላ ሄደች።

እናም የመጽሔቱ ዕትም ያለ አንድም ጽሑፍ ወጣ። የእኔ ተሰርዟል፣ የሷን ራሷ ወስዳለች፣ የቀረው ተጥሏል። ተስፋሁን አፍሮ ይደበቃል ብላችሁ ከሆነ ሊቃውንትን አታውቋቸውም። ሽፋኑ ላይ «የሚቀርብልንን ሁሉ እንጥላለን» የሚል በወርቃማ ቀለም ታተመ፤ ውስጡ የዋና አዘጋጁ መግቢያ፣ ለገምጋሚዎች ምስጋና፣ ከዚያ በኋላ ዓይን የሚያሳርፍ ንጹሕ ነጭ ወረቀት። ስብሰባ ሲሄድ ያ የብስኩት ሰውዬ ራሱ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። አሁን ከሩቅ አገር ሳይቀር ጽሑፋችንን ጣሉልን ብለው የሚለምኑ ሊቃውንት ሞልተዋል።

ሕይወት ጽሑፏን ጉድጓድ ቆፋሪዎችና የታንከር አጽጂዎች ለሚያሳትሟት አንዲት ቀጭን መጽሔት ሰጠች። እነሱ ክርክር አላበዙም። ካሳራኒ ድረስ ሰው ልከው፣ ጣሪያ አስወጥተው፣ ክዳን አስከፍተው አዩ፤ እንዳለችው ሆኖ አገኙት፤ አወጡላት። የክፍሉ ኃላፊ መጽሔቷን በሁለት ጣቱ አንስቶ «እነዚህ ደግሞ ምን ያህሉን ይጥላሉ?» አላት፤ አላውቅም አለችው፤ ኮንትራቱ ቀረ። ደግነቱ ቀጭኗን መጽሔት የሚያሳትሙት ሰዎች ውሃ መርማሪ አድርገው ቀጠሯት፤ ፈቃዷንም እነሱ አወጡላት። አሁን የሕንጻ አስተዳዳሪዎች እየጠሯት በየጣሪያው ትወጣለች።

አንድ ቅዳሜ ከነተስፋሁን ጋር ምሳ ላይ ሳለን በሩ ተንኳኳ። ሕይወት ናት፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች። የሕንጻው አስተዳዳሪ ጠርቷት ጣሪያው ላይ ቆይታ መውረዷ ነው።

«ላስቸግራችሁ አይደለም» አለች። «ታንከራችሁን ጥዬዋለሁ። እስኪታጠብ ድረስ ያንን ውሃ አትጠጡት።»

ተስፋሁን ብርጭቆው አፉ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ክብሩን ሰብስቦ፣ «ለመሆኑ እናንተ ከምታዩት ምን ያህሉን ትጥላላችሁ?» አላት።

«እንደ ውሃው ነው ዶክተር» አለችና ወደሚቀጥለው በር አለፈች።

ተስፋሁን መልሷ ሳይንሳዊ አይደለም ብሎ እስካሁን ይከራከራል። ከአስተዳዳሪው ጋር መክሮም ሌላ መርማሪ አስመጣ፤ ማንንም ጥሎ የማያውቅ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። ታንከሩ ሳይታጠብ አለፈ። ወይዘሮ አስካለ ግን ለእሱ ሳትነግረው፣ በየማለዳው ውሃውን አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በዚያው በለመደው ጆግ ታቀርብለታለች። እሱም ግጥም አድርጎ ጠጥቶ ሆዱን መታ መታ እያደረገ «አያችሁ? ምን ሆንኩ?» ይለናል። እኛም እናያለን።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህችን ወሬ ከዚህ አታሳልፏት። ጆሮው ከገባች የፈላ ውሃ አልጠጣም ይላል፤ አውቀዋለሁ።