ኩላሊቴና የዕድራችን ዕዳ

በክርክር የሚያክለኝ የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ከምላሴ ሌላ ምን ሀብት አለኝ? ባለቤቴ ግን «የምታሸንፈው ሰው ስለሚደክመው ነው» ትለኛለች። ይሁን። ድል ድል ነው።

ትልቁ ድሌ በጤና መድኑ ላይ የተቀዳጀሁት ነው። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ፣ እዚህ ሲቀላ ሰፈር ያለው ዕድራችን በሙሉ የመንግሥት ጤና መድን እንዲገባ ጠየቀን። በዓመት አንዴ ትከፍላላችሁ፣ ስትታመሙ በካርዱ ትታከማላችሁ፣ የጎደለውን መንግሥት ይሞላል አለ። የዕድራችን ዳኛ ሐጂ ሱልጣን የጅምላ ነጋዴ ናቸው፣ ሒሳብ ይገባቸዋል። «ጥሩ ነገር ነው፣ እንግባ» አሉ።

እኔ ብድግ አልኩ። መንግሥት ከየት አምጥቶ ነው የሚሞላው? ተበድሮ! ማን ሊከፍለው? ገና ያልተወለደ ልጅ! እኔ ዛሬ ሽሮፕ ልጠጣ ብዬ የልጅ ልጄ ወለድ ይክፈል? ደግሞስ ተሰልፈህ፣ ተራህ ሲደርስ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ብትባል ካርዱን ውጠህ ልትድን ነው? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ይብስብኛል። ዕድራችን ራሱ ያሳክመን፣ ያውም ያለ ተጨማሪ መዋጮ! አልኩ። «ያለ መዋጮ» የምትለዋ ላይ ጭብጨባው ቀለጠ። የቀበሌው ሰው ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ፣ እኔም ለዚሁ የተቋቋመው የሕክምና ክፍል ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ።

ታዲያ የመጀመሪያው በሽተኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንድ ጠዋት ኩላሊቴ ቀስፎ ያዘኝ። ጠጠር ነው። ወለሉ ላይ እየተንከባለልኩ «ለዕድሩ ንገሩልኝ!» አልኩ። አባል ሲታመም ዕድሩ ወዲያው ይጠራ የሚለውን መመሪያ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እንዴት እንደሚጠራ ግን አልጻፍኩም። ጥሩምባ ነፊያችን ደግሞ ዕድር የሚጠራበት መንገድ አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው። በየሰፈሩ እየዞረ ጥሩምባውን ነፋ፣ ስሜንም ጠራ።

ባለቤቴ ደግፋኝ ባጃጅ ልሳፈር ስወጣ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ብረት ድስቱ ተጥዷል። ነጠላ አዘቅዝቀው የተቀመጡ ሴቶች በእግሬ ስሄድ ሲያዩኝ አንዷ ጮኻ ወደቀች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ደስ አለኝ። ይህን ያህል ሰው እንደሚመጣልኝ አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢ ተሰልፎ አይታከምምና የሄድኩት የግል ክሊኒክ ነው። መርፌው፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም በዕድሩ ወጪ ሆኖ ጠጠሩ ወጣ። ከሰዓት ስመለስ እህቴ ከምዕራብ ዓባያ እያለቀሰች ደረሰች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ከዚያ ተቆጣች። «መንገዱን ሙሉ ያለቀስኩት ታዲያ ለማን ነው?» አለች። ለቀስተኛው ግን አልተቆጣም። የተሠራው ምግብ አይጣል ተብሎ፣ ከጫሞ የመጣ ዓሣም ተጨምሮበት፣ ሞቴ ወደ ድግስ ተዛወረ።

ችግሩ የመጣው በቀጣዩ ስብሰባ ነው። ለድግሱና ለክሊኒኩ የዕድሩ ካዝና ተራግፎ የጎደለውን ያበደሩት ሐጂ ናቸው። የቀበሌው ሰውም ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ ከኋላ ተቀምጧል። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አሁን መዋጮ እንጨምር ወይስ ካርዱን እንግዛ?»

ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። መዋጮ ይጨመር ብል ቃሌን በላሁ። ካርዱን እንግዛ ብል ደግሞ በዚህ ከተማ ሁለተኛ ለክርክር አፌን አልከፍትም።

ተነሣሁ። ወገኖች፣ ይህ ዕዳ አይደለም፣ ልማት ነው አልኩ። ቆሜ የምናገረው ዕድሩ ባዳነው ኩላሊት አይደል? መዋጮም አይጨመርም፣ ካርድም አይገዛም። ሐጂ ትንሽ ይታገሡን፣ ልጆቻችን ሲደርሱ ይከፍሉታል!

ጭብጨባው ከመጀመሪያውም ባሰ። ሐጂ ሳቅ አፈናቸው። «እኚህን ሰውዬ መንግሥት እንዴት ሳይሾማቸው ቀረ?» አሉ ወደ ቀበሌው ሰው ዞረው። ሐሳቤ በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በሙሉ እንኳ አይደለም። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጄ እጇን አላወጣችም። ከሦስት ወር በኋላ ትወልዳለች።