ሕዝብ ለደህንነቱ ሲባል ያልተገኘበት ክርክር

ክቡራን አንባቢያን፣ የአገር ደህንነት የዓይን ብሌን ነው፤ እንኳን እጅ ሐሳብም አይነካውም። እኔ የምርጫ ክርክር አዘጋጅ ኮሚቴ ጸሐፊ በመሆኔ፣ ሁለቱ ዕጩዎች ይህን ብሌን እንዴት እንደሚጠብቁት ለማነጻጸር የታደልኩ ሰው ነኝ።

አንደኛውን ሰዉ «አጥሩ» ይለዋል፤ ድንበሩን ዙሪያውን በግንብ አጥራለሁ ስላለ። ሁለተኛው «ዓይኑ» ነው፤ ግንብ ምን ያደርጋል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየተከታተለ ሪፖርት ያድርግልኝ ባይ ነው። መቼም የአገር ፍቅር ሲያንገበግብ እንዲህ ነው።

ሦስት መቶ ወንበር ደረደርን። በማግስቱ የአጥሩ አማካሪ መጥቶ «ለደህንነት ሲባል የፊተኛው ሦስት ረድፍ ባዶ ይሁን» አለ። የዓይኑ አማካሪ ይህን ሲሰማ ስድስት ረድፍ አስለቀቀ፤ ለአገሩ ከማን ያንሳል? አጥሩ ዐሥር አለ። ዓይኑ ደግሞ የቀሩት ታዳሚዎች ማንነት ይጣራ አለ። ተጣራ፤ ግን ምንም ያልተገኘበት ሰው ይበልጥ ያጠራጥራል ተባለና እነሱም ቀሩ። በክርክሩ ዕለት አዳራሹ ፍጹም ሰላም ነበር።

መብራት የሚያበራ ያስፈልጋል ተብሎ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የአዳራሹ ዘበኛ ብቻ ናቸው። ልጃቸው ለአንድ ዓመት ውትድርና ተብሎ ድንበር ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። «አንዲት ጥያቄ አስገባልኝ» እያሉ ሲለምኑኝ ከርመው፣ እኔም «ይታሰብበታል» እያልኩ በደንቡ መሠረት አስተናግጃቸዋለሁ።

ዕጩዎቹ «የተከበርከው ሕዝባችን» እያሉ ለወንበሮቹ ሁለት ሰዓት ተናገሩ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ጠያቂ ጠፋ። ዘበኛው ኮፍያቸውን አውልቀው ቀረብ አሉ።

«ጌቶቼ፣ ልጄ ድንበር ላይ ነው። ብትመረጡ መቼ ትመልሱልኛላችሁ?»

«የሠራዊት እንቅስቃሴ ምስጢር ነው፣ አባት» አለ አጥሩ።

«ድንበር ላይ መሆኑንስ ማን ነገረዎት?» አለ ዓይኑ፣ ማስታወሻውን እያወጣ።

«ማን ይነግረኛል? እኔው ነኝ የሸኘሁት።»

ዓይኑ ወደ አጥሩ ዞረ። «አየህ፣ ምስጢር የሚወጣው ከቤት ነው።»

«እውነትህን ነው» አለ አጥሩ።

በምርጫው ዘመን ሁሉ ሲስማሙ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ለማንም ሳያዝዙ፣ ራሳቸው ግራና ቀኝ ሆነው ዘበኛውን ከበሩ ውጭ አደረሷቸው። እንዲህ ያለ ትሕትና በመሪዎች ዘንድ ብርቅ ነው።

እኔም ተከትዬ ወጣሁ። በኮሚቴው የሪፖርት ቅጽ ላይ «የዕጩዎቹ ልዩነት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ያለ ታዳሚ ቃል አይሞላም። ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ክርክሩን የተከታተሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ምን ልዩነት አዩባቸው?»

ሁለቱንም ክንዳቸውን አሹ።

«የልጄን ነገር የነገረኝ የለም» አሉ። «ልዩነት ካልከኝ ግን፣ አንደኛው የያዘኝ በቀኝ ክንዴ ነው፤ ሌላኛው በግራዬ።»