ቤቴን የጋረደው ሾላ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ነበርና፣ እንቅልፍ ሲጥለኝ ከተማችን ቀጨሞ በር ተገልብጣ አየኋት።

በሕልሜ ከደጃፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰልፍ ተሰልፏል። የተሰለፉት የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ናቸው። ክራባታቸውን እንዳሰሩ ፀሐይ ላይ ቆመው ወረፋ ይጠብቃሉ። እኔ በራፌ ላይ በርጩማዬን አኑሬ፣ እግሬን አንፈራጥጬ ተቀምጫለሁ። አንዱ ቀረብ ሲል «ነገ ተመለስ» እለዋለሁ፤ እጅ ነሥቶ ይመለሳል። ሌላው ሲመጣ «ኃላፊው የለም» እላለሁ። ኃላፊው እኔው ነኝ። እሱም እጅ ነሥቶ ይመለሳል።

ከሰልፉ ጭራ ላይ መክብብን አየሁት። መክብብ የካርታ ክፍሉ ሹም ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ ሒሳብ የሚገለብጠው ከእኔ ነበር። አባቴ ሲሞት እኔ ከትምህርት ቤት ቀረሁ፣ እሱ ወደ ሰባተኛ አለፈ። በቀደም ቢሮው ገብቼ በስሙ ብጠራው ቀና እንኳ ሳይል «ማን ልበል?» አለኝ።

የሄድኩት በቤቴ ጉዳይ ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አውሮፕላን በከተማችን ላይ አልፎ ፎቶ አንሥቶ ነበር። በዚያ ፎቶ በተሠራው ካርታ ላይ የታየ ቤት ይጸናል፣ ያልታየ ይፈርሳል ተባለ። የእኔ አልታየም። የግቢዬ ሾላ ቅርንጫፉን ከቆርቆሮው በላይ ዘርግቶ ኖሮ፣ ከሰማይ ላየው ቤቱ ቅጠል ነው። መክብብ ካርታው ላይ ጣቱን አኑሮ «እዚህ ጋ ዛፍ እንጂ ቤት አይታየኝም፣ አቶ ቸርነት» አለኝ። እሱ ራሱ ከሚስቱ ተጣልቶ የታረቀው እዚያው ሾላ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን አግዳሚ ከቤቴ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ቤቱ በደንብ ታይቶት ነበር።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። ሰልፈኞቹ ድንገት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከመሬት ውስጥ አንድ ፍልፈል አፈሩን እየናደ ወጣ። የከተማው ዋና ቀያሽ እሱ ነው አሉ። ዓይን የለውም፤ ካርታውን በአፍንጫው እያሸተተ ነው የሚያነበው።

«ካርታ አይሳሳትም» አለ ፍልፈሉ። «የሚሳሳት መሬት ነው። ዛሬ መሬቱ ይታረማል።»

ወዲያው እርማቱ ተጀመረ። ከከተማው በስተጀርባ ያለውን ተራራ በአካፋ ከአናቱ ይላጩት ጀመር። ተራራው አለቀሰ።

«ምን አጠፋሁ? ሳድግ ማን ከለከለኝ?»

«ፈቃድ አውጥተሃል?» አለው ፍልፈሉ።

«ለማደግም ፈቃድ አለው እንዴ?»

«ላጩት!»

ወንዙም መንገዱን ስቶ ተገኘ። ስምንት ጎረምሶች እንደ ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ድሮ ቦታው ወሰዱት። ትከሻቸው ላይ እየተንጠባጠበ «ቀስ በሉ፣ ወገቤን!» ይላል።

ከዚያ ፍልፈሉ አዋጁን አሰማ። በካርታው ላይ የታየ ሁሉ ይጠፋል፣ ያልታየ ይጸናል። በር የሚያህል ላጲስ በአራት ሰው አሸክሞ በየሰፈሩ ላከ። ላጲሱ ያለፈበት ቤት ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሕዝቡ ከላይ እንዳይታይ ጃንጥላ ያለው በጃንጥላ፣ የሌለው በነጠላና በማዳበሪያ ከረጢት ራሱን ሸፍኖ ተራወጠ። መጀመሪያ የጠፋው የመክብብ ቪላ ነው። ቆርቆሮው አዲስ ነበረና ያንጸባርቅ ነበር።

መክብብ ሰልፉን ጥሶ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ።

«ጋሼ ቸርነት፣ አንዲት ስንዝር ጥላ ይስጡኝ!»

«ማን ልበል?»

«መክብብ ነኝ እንጂ! የዴስክ ጓደኛዎ!»

«ካርታው ላይ ራሰ በራ እንጂ ሰው አይታየኝም።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ሳቅ ነው። ፍልፈሉ ግን አፍንጫውን ወደ እኔ አዞረ።

«ጥላው የአንተ ለመሆኑ ምስክር አለህ?»

«አባቴ አለ።»

«የት ነው?»

«በጃንሆይ ጊዜ በተነሣው ካርታ ውስጥ።»

ፍልፈሉ የአሮጌውን ካርታ ጠርዝ እንደ ብርድ ልብስ ገለጠና «ግባ» አለኝ።

ገባሁ። ውስጡ ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም። ዳገቱ ሁሉ ቡናማ መስመር ነው፤ አንዱን መስመር ከአንዱ እግሬን እያነሣሁ ተሻገርኩ። ሾላችን ጋ ስደርስ አባቴ ቆሟል። ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም የመለኪያ እንጨት በሁለት እጁ ይዟል። ለፈረንጆቹ ካርታ አንሺዎች እንጨት ያዥ ሆኖ እንደነበር እናቴ ስታወራ እሰማ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ታደርጋለህ?»

«ይህን ይዘህ ቁም፣ እንዳትነቃነቅ ብለውኝ ወደዚያ ማዶ ሄዱ። ጨርሰው ይሆን?»

«ኧረ ሰዎቹ አገራቸው ገቡ።»

«ታዲያ በቃህ ሳይሉኝ እንዴት እለቃለሁ? ሰው አምኖኝ።»

ዙሪያዬን አየሁ። «ቤታችንስ የት አለ?»

«ጎጆ አይጻፍም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ይጻፋል፣ ወፍጮ ይጻፋል፣ ትልቅ ዛፍ ይጻፋል።»

«አንተስ?»

«እኔማ እንጨቱን ይዣለሁ።»

ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ልቀዳለት ወደ ምንጩ ጎንበስ ብል፣ ምንጩ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። እጄን ነክቶኝ ደረቀ። «ና ውጣና መስክርልኝ፣ ቤታችን ሊፈርስ ነው» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። «ይህን ከለቀቅኩ አገሩ ሁሉ ይዛነፋል፣ ልጄ። አንተ ሂድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።» እሱ ግን ፀሐይ ላይ ነበር። የሾላው ጥላ እሱ ዘንድ አይደርስም ነበር። ትቼው ወጣሁ።

«ምስክርህስ?» አለኝ ፍልፈሉ።

«ሥራ ላይ ነው።»

«ሥራ ላይ ያለ ሰው አይዋሽም» አለና ጥላውን ከነቅርንጫፉ ለእኔ አጸናልኝ።

ያኔ ደረቴን ነፋሁ። መክብብ አሁንም ጉልበቴን እንዳቀፈ ነው። «ለእግሬ ጣት ብቻ ይሁን፣ ጋሼ» ይላል። እኔ ዛፉን አንጋጥጬ እያየሁ «ለአንተ አንድ ቅጠል እንኳ አይታየኝም» አልኩት። ደግሞ አስደገምኩት። ለመነኝ፤ ደግሜ መለስኩለት። በሦስተኛው ግድም ከጭንቅላቱ በላይ አሻግሬ ሳይ፣ ባለቤቴ የሺመቤት ከአጥሩ ሥር ልብስ ታሰጣለች። ፀሐይ ላይ ናት። ጀርባዋን ሰጥታለች። ላጲስ ተሸካሚዎቹ ከኋላዋ ደርሰዋል። መጀመሪያ ሳፋው ጠፋ። ቀጥሎ የልብሱ ገመድ። ቀጥሎ ጫማዋ።

«የሺ፣ ጥላው ውስጥ ግቢ!» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ነገ ተመለሺ!» ነው። እንደገና ሞከርኩ። «ኃላፊው የለም!» አልኩ። እሷም እንደ ሌሎቹ ወደ እኔ ዞራ እጅ ነሣች። ላጲሱ ወገቧ ላይ ደረሰ፤ ድምፁ ግርርርር እያለ ጆሮዬን በጠሰው። በቡጢ አፌን መታሁና ነቃሁ።

ድምፁ አልቆመም።

ፊቴ ላይ ፀሐይ ነበር። በዚያ አልጋ ላይ እስከዛሬ ፀሐይ አግኝቶኝ አያውቅም። በባዶ እግሬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ሾላው አጥሩን ጨፍልቆ ተጋድሟል። ሁለት ሰዎች የሞተር መጋዝ ይዘው ግንዱን ይቆራርጣሉ። የሺ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ፀጉሯ ሰጋቱራ ለብሶ መሐላቸው ቆማለች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ!

«ተነሣህ? ልቀሰቅስህ ብዬ እንቅልፍህ አሳዘነኝ። እስቲ እየው! አሁንስ ያ መክብብ ምን ሊል ነው? ሲጋርደን የኖረው ይህ ዛፍ አይደል?»

ቆርቆሯችን ዝገቱ ሳይቀር ተጋልጦ ወለል ብሎ ይታያል። እሷ መዳፏን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና ወደ እኔ ዞረች።

«ለመሆኑ አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»