ቆሌው የሚጠጡት ሻይ

ለራሱ ምንም የማይፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ስኳራችሁን ደብቁ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። «እኔ እንኳ አልበላም፣ ለልጆቹ ነው» እያለ ከድግስ ቤት ቋጥሮ ይወጣል፤ ልጆቹ ካገቡ ቆይተዋል። በዚህ ረገድ ግን እኛን የቶንቡሪ ቦይ ዳር ነዋሪዎች የሚስተካከለን የለም። ክብርት እትዬ ላማይ አሉን።

እትዬ ላማይ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙም ጣፋጭ ነገር በአፋቸው እንዳይዞር አስጠንቅቋቸዋል። እሳቸውም በትሕትና አዳምጠው፣ አመስግነው ተመለሱ፤ በማግስቱ ሻይ ጥደው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?»

«ለእኔ መሰለህ እንዴ? ለቆሌው ነው።»

የግቢው ቆሌ ጥግ ላይ፣ ለእሳቸው በተሠራች፣ በአንድ ምሰሶ ላይ በቆመች ትንሽ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የሌላው ሰው ቆሌ በሚቀርብለት ቀይ ለስላሳ ይደሰታል። የእትዬ ላማይ ግን ቤት የተፈላ የበረዶ ሻይ ካልሆነ ንክች አያደርጉም።

«መንገድ ላይ የሚሸጠውን ሻይ ቀለም ብቻ ነው ይላሉ» አሉኝ።

«ለማን ነው ያሉት?»

«ለእኔ ነዋ፣ በህልሜ። ላንተ ይምጡልህ?»

ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ውሻውንም ጀልባውንም ሲያስተኛ፣ የጨርቅ ማጥለያቸውን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ያወርዳሉ። ቅጠሉ ሲፈላ ሽታው አጥሩን ዘሎ ይመጣል። ከዚያ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው፣ ከትከሻቸው በላይ እያነሱ ሲያንቆረቁሩት፣ ብርቱካናማው ሻይ አየር ላይ ክር ሆኖ የቆመ ይመስላል። በረዶው ይንኳኳል። ወተቱ ከላይ ሲፈስ ቀስ እያለ ወደ ታች ይበተናል፤ የቦዩ ውሃ ነጸብራቅም ጣሪያው ስር ይርገበገባል። አጥሩን ተደግፌ ሳያቸው ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ለራሴም አይገባኝም።

ብርጭቆውን ከትንሿ ቤት ፊት አስቀምጠው ዕጣን ይለኩሳሉ፤ ዕጣኑ እስኪያልቅ ቆሌው ይጠጣሉ። ካለቀ በኋላ እትዬ ላማይ እጃቸውን አጋጥመው «የተረፈዎትን ለእኔ ለልጅዎ ይፍቀዱ» ይላሉ። ቆሌው አንድም ቀን ከልክለው አያውቁም። የቆሌ ትራፊ ደግሞ አይደፋም፤ ነውር ነው።

ይህን ወሬ የእትዬ ላማይ ልጅ ኦራፒን ሰማች። ከወንዙ ማዶ ትኖራለች። ድሮ የምትመጣው ለአዲስ ዓመት ብቻ ነበር፤ እንደ ወጉ ለምርቃት በእናቷ እጅ ላይ ውሃ አፍስሳ ትመለሳለች። የሻዩን ነገር ከሰማች ወዲህ ግን በየእሁዱ ለጠብ ትመጣለች።

«እማዬ፣ ቆሌውም ስኳር ይዟቸው ይሆናል። ውሃ ስጫቸው።»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።»

ትቆጣለች፣ ለስኳር ይበጃል የሚባለውን መራራ ቅል ትቀቅላለች፣ የእናቷን ጥፍር ትቆርጣለች፣ ቁስል እንዳይኖር እግራቸውን ጣት በጣት ታያለች። ቁጣው ሲያልቅባት ጭናቸው ላይ ተኝታ ታመሻለች። ስትሄድ እኔን አጥሩ ጋ ትጠራኛለች።

«ጋሽ ዊት፣ አደራ። እግሯን የቆረጧት እንደሆነ እኔ አልችለውም።»

አደራ ከባድ ነው። አንድ ማክሰኞ ዕጣኑ ሊያልቅ ሲል እትዬ ላማይ ማራገቢያ ሊያመጡ ገቡ። እኔ አጥሩን ዘለልኩ፣ ቆሌውን ይቅርታ ጠየቅሁና ብርጭቆውን አንስቼ ጨለጥኩት።

መረረኝ። ስኳር የሚባል ነገር አልነካውም። ወተቱም ያ የቆርቆሮው ጣፋጭ ወተት አልነበረም። ፊቴን አጨማድጄ ዞር ስል እትዬ ላማይ ማራገቢያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ቆሌው ስኳር ተዉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ድሮ ነው የተዉት» አሉ። ደረጃው ላይ ተቀመጡና እግራቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «ይሄ መደንዘዝ ሲጀምር። ፈራን።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯትም? ልጅቷ እኮ ተጨነቀች።»

እግራቸውን በማራገቢያቸው አራገቡ።

«ብነግራት፣ እሁድ ምን ልታደርግ ትመጣለች?»

ይህን ያህል መራራ ሻይ በየቀኑ ፈገግ ብለው የጠጡ ሴት ናቸው። እኔ አስመሳይ እላቸው ነበር። በዚያች ሰዓት ከእናቴ ቀጥሎ እሳቸውን እንደምወድ ገባኝ።

ሲመሽ ስልኬ ጮኸ፤ ኦራፒን ናት።

«ጋሽ ዊት፣ ዛሬስ ጠጣች?»

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ላማይ ጣሳ እያጠቡ ነበር። ቧንቧውን ዘጉት።

«እስከ በረዶው ጨለጡት» አልኳት። «ስኳሩ ከመብዛቱ የተነሳ ብርጭቆው ስር ሳይሟሟ ቀርቷል።»

«ቆይ» አለች ኦራፒን፣ «እሁድ በጠዋት ነው የምመጣላት።»