ፈረሱ ተከትቦ ልጅቱ የቀረችበት ወር

ወንድ ልጅ ጀግና የሚባለው መርፌ እስኪያይ ድረስ ነው! አትሳቁ… ይህን የምላችሁ ጥር ላይ እንጅባራ ሜዳ ፈረሰኛው ሲሰለፍ፣ ዳማ ፈረሴን አስጊጬ ከፊት የምሰለፈው ሰውዬ ነኝ።

የዘጠኝ ወር ልጄ ማኅደር በሳምባ ምች ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኛች። የኩፍኝ ክትባቷ ቀን እዚያው አልጋ ላይ አለፈ። ስንወጣ ነርሷ፣ "ሰኞ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስከትቧት" አለች። "እሺ" አልሁ። ሰኞ መጣ፤ "ገና ሰውነቷ አልጠናም" አልሁ። በሁለተኛው ሰኞ ዘነበ። በሦስተኛው ነፋስ ነበረ። ባለቤቴ ትዕግሥት ስትጨቀጭቀኝ ሐኪም የሆንሁ ይመስል ግንባሬን ቋጥሬ፣ "ልጅቱ ትጠንክር!" እላለሁ።

በአራተኛው ሰኞ የጤና ኤክስቴንሽኗ ከቤት መጣች። ግቢ ውስጥ ፈረሴን ሳሻሽ አገኘችኝ።

"ጋሼ፣ ልጅቱ ለምን ቀረች? ታች ሰፈር ኩፍኝ ገብቷል እኮ!"

"ታማ ነው የከረመችው። ትንሽ ታገግም ብዬ…"

ፈረሱን አየት አደረገችና፣ "እሱስ ተከትቧል?" አለችኝ።

ስለ ፈረሴ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ደግሞ ማን ያቆመኛል! "እንዴታ! ባለፈው ወር ታሞብኝ ነበር፤ እንዳገገመ በሳምንቱ አስከተብሁት። በሽታ ያደከመው ፈረስ ሌላ በሽታ ቢጨመርበት ይችላል እንዴ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ትዕግሥትም በሩ ላይ ቆማ አፈጠጠችብኝ። ፈረሱ ራሱ ዞሮ አየኝ… ያልሁት ነገር ለራሴ ጆሮ የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሆስፒታል ደም ሥሯን ሲፈልጉ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ስታለቅስ፣ ጥያት ወጥቻለሁ። ያን ለቅሶ ዳግመኛ መስማት ፈራሁ እንጂ ሰውነቷስ ጠንቶ ነበር። አፈርሁ።

ወዲያው ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። "እኔ ነኝ የምይዛት!" ብዬ ልጄን ታቀፍሁና ዓይኔን ጨፈንሁ። አንዴ ጮኸች… ከዚያ ጸጥ። ዓይኔን ስገልጥ ማኅደር በእናቷ እቅፍ ሆና የከተበቻትን ነርስ እስክሪብቶ ትጎትታለች፤ አልጋው ላይ የተጋደምሁት እኔ ነኝ!

ነርሷ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ "ሁለተኛው ዙር በዓመት ከሦስት ወሯ ነው፤ ያኔ ግን እርስዎን የሚይዝ ሰው አብሮ ይምጣ" አለች።

"ግዴለም ሲስተር" አለች ትዕግሥት፣ "ፈረሱ ይመጣል። እሱ መርፌ አይፈራም።"