ልብስ ሰፊዋ ውሃን አጥርታ ቬሎ ያዳነችበት ዜና

ካውያው ቡናማ ውሃ መትፋት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፥ በታላቅ እህቷ የወጥ ቤት ዘመነ መንግሥት፥ በዕለተ ረቡዕ፥ መርፌዋ የማይዝል፥ መቀሷ የማይስት፥ የክር ሁሉ እመቤት የሆነች ልብስ ሰፊ ነበረች። በእጇም ቅዳሜ የሚለበስ ነጭ ቬሎ ነበረ። የእንፋሎት ካውያዋ የቧንቧውን ውሃ እየጠጣ ኖራ ጠግቦ፥ በሙከራ ጨርቅ ላይ ዳግመኛ ዝገት በተፋ ጊዜ ቬሎውን አርቃ ሰቀለች፤ ቬሎው ቢበላሽ ሙሽራዪቱን በምን ዐይኗ ታያታለች?

ስለዚህ ውሃን አፍልታ፥ እንፋሎቱን አቀዝቅዛ፥ ንጹሑን ልትለይ መከረች። ለዘመቻው የተከተሏትም እነዚህ ናቸው፦ ክዳኗ ቀዳዳ ያለው የእህቷ ድስት፥ ሳይፈቀድላት፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ጎረቤት የሰጣት አዲስ የመዳብ ቱቦ፥ ከክዳኑ ቀዳዳ ተነሥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ እንደ እባብ የተጠመጠመ፤ የክዳኑን ዙሪያ መድፈኛ ሊጥ፤ ከሁሉም ኋላ፥ እጁን ኪሱ ከትቶ፥ ባሏ።

ልማዷ ግን ከዳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክፍት ስፌት ትታ ከወንበሯ ተነሥታ አታውቅምና፥ ውሃው ሊንጠባጠብበት የሚገባውን የቱቦ ጫፍ ክፍት ሆኖ ብታየው እንደ ተተረተረ እጅጌ ቆጥራ በጨርቅ ጠቀጠቀችው፥ በድርብ ክርም ቋጠረችው። እሳቱ ነደደ፥ ድስቷ አጉረመረመች፥ እንፋሎቱም መሄጃ ባጣ ጊዜ ክዳኑ ወደ ጣሪያ ዐረገ፤ ሊጡም በባሏ መነጽር ላይ ዐረፈ። በፈጣሪ ቸርነት ማንም አልተቃጠለም።

ያን ጊዜ ከእህቷ ዘንድ አዋጅ ወጣ፦ «ስሚ አንቺ፥ ያቺ ድስት የእናታችን ናት። አንዲት ጭረት ባገኝባት፥ ከዛሬ ጀምሮ ምሳሽን በስፌት መኪናሽ ላይ ታበስያለሽ።»

ልብስ ሰፊዋም እሳቱን አጥፍታ ጣሪያውን ረጅም ጊዜ አየች፤ አንገት ማውጫ የሌለው ሸሚዝ ማንም ሊለብሰው እንደማይችል አሰበች፤ ቋጠሮውንም በገዛ እጇ ፈታች። ቀጥሎም ዐወጀች፦ «ከእንግዲህ ጫፉን የሚዘጋ የለም፥ እኔም ብሆን። እሳቱ ይቀንስ፥ መስኮቱ ይከፈት፥ ድስቷም ሳትደርቅ ትውረድ። አንተ ደግሞ ራቅ በል የኔ ጌታ፥ መነጽር ሁለት የለህም።»

ከዚህ በኋላ አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ እየጨመረች፥ ለዘብ ባለ እሳት ሞከረች፤ ባልዲው በሞቀ ቁጥር ውሃውን ቀየረች፤ ጠብታውም እየተከታተለ በማግስቱ ጠርሙስ ሞላ። ካውያውን አጥባ፥ አስቀድማ በሙከራው ጨርቅ ላይ አስተፋችው፤ ጨርቁ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። ዓርብም ቬሎው አንዲት ነጥብ ሳይነካው ተተኮሰ።

እህቷ ድስቷን ልትመረምር ገባች፥ ጣሪያ መትቶ የተሰረጎደውንም የክዳኑን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች፥ ቬሎውንም አየች። የመጨረሻው አዋጅ ይህ ነበር፦ «ስርጉዷን አይቻታለሁ። አሁን የኔን ቀሚስ ተኩሺልኝ፥ ከዚያ እንጣላለን።»

እንግዲህ ነጩን በነጭነቱ ያኖረች፥ እንፋሎትን ያስገበረች፥ ከሁሉም በላይ ክፍት መተውን የተማረች ይህች ሴት ክብሯ አይጉደል። የጣሪያው ክብ ምልክት እስከ ዛሬ ይመሰክርላታል፤ ቀለም እንዲቀባው የታዘዘው ባሏም እስከ ዛሬ መሰላል እያፈላለገ ነው።